ስድስት መስኮት፣ ስድስት ጨርቅ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ የሚነዘንዝዎ ወገብዎ እንዴት አለልኝ? ልጅዎስ? አማችዎስ? ያቺ አራስ ቤት ሆና ስሟን ብቻ የሰማሁላት የልጅ ልጅዎስ አደገች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ወጥቶ አውሮፕላን የምንጠግንበት የሃንጋሩ እርጥበት ለቆናል፤ ጣሪያው የሚያፈሰውም በአንድ ጥግ ብቻ ሆኗል። ከባለቤትዎ ከጋሼ ቀብር ወዲህ አንድ መስመር እንኳ ሳልጽፍልዎ አምስት ወር መቆየቴ ያሳፍረኛል። ሥራ በዛብኝ ብል ይስቁብኛል፤ ስለዚህ አልልም። በጥፋቴ ይማሩኝ።

ደብዳቤዎ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል። የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎቹ የላኩልዎን ወረቀትም አንብቤዋለሁ። «ከጽሑፉ ውስጥ የገባኝ የባለቤቴ ስም ብቻ ነው፣ ሌላውን በሰው ቋንቋ አስረዳኝ» ብለውኛል። እሺ፣ ልሞክር።

የእነዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች መስኮት አንድ መስሎ ይታያል እንጂ ሁለት ነው። መንገደኛው ራሱን ደገፍ አድርጎ የሚያንቀላፋበት የውስጡ ነው። እሱ ቢጫር ቢደበዝዝ የሚጎድለው ውበት ነው። ከሱ ጀርባ፣ ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ፣ የውጪው አለ። አውሮፕላን ከፍ ሲል አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሰው እንዲተነፍስ ወደ ውስጥ አየር ይጨመቃል፤ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ የሚውለው የውጪው ነው። ሁለቱንም መስታወት እንላቸዋለን፣ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ደግሞ ቀለም የምናቀጥንበትን ቲነር አይወድም። ቲነር በነካው ቀን ምንም አይታይበትም፣ እንዲያውም ያበራል። ከወራት በኋላ ነው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ የሚያወጣው።

ግንቦት 6 ቀን ባለ ስምንት ወንበሯ አውሮፕላን እኛ ዘንድ መጥታ ስድስቱ የውስጥ መስታወቶቿ በአዲስ ተቀየሩ። በሃንጋራችን የመስኮት ፈቃድ ያላቸው ጋሼ ብቻ እንደነበሩ ያውቃሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሼ አረፉ። መስከረም 11 ቀን ደግሞ አውሮፕላኗ ከደመና በላይ ሳለች፣ በቀኝ በኩል ሦስተኛው መስኮት የውጪው መስታወቱ ተሰንጥቆ አየሩ ወጣ። አብራሪው ፈጥኖ ዝቅ ብሎ አሳረፋት፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት አስተማሪ ግን ቀኝ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። መርማሪዎቹ መስታወቱን ሲያዩት ቲነር ነክቶታል። የሥራ ካርዱን ሲያዩ ደግሞ «ሥራውን የሠራ» በሚለው ቦታ የጋሼ ፊርማ አለ። ነገሩ ይኸው ነው።

እስከ ኅዳር 30 በጽሑፍ ካልተቃወሙ መዝገቡ በጋሼ ስም ይዘጋል። እኔን ከጠየቁኝ ልብዎን ባያደክሙ ይሻላል፣ እትዬ። ጋሼ ከሰው ፍርድ ወጥተዋል፤ ሰውም ይረሳል። የሃንጋሩ ግድግዳ ላይ የነበረውን ፎቶግራፋቸውን አለቃው አውርዶታል። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት ብዬ ነው።

የጋሼ የመስኮት ሥራ ቦርሳ የት እንደደረሰ ቢያውቁ እግረ መንገድዎን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ብሎን


ጥቅምት 16 ቀን

ይድረስ ለብሎኔ፣

ደህና ነኝ። ሕፃኗም ደህና ናት፤ ጥርስ ልታወጣ ቤቱን በጩኸት ትደባልቀዋለች።

ሰላምታህ ግማሽ ገጽ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ሰላምታው የረዘመ ሰው ወይ ሊለምን ነው፣ ወይ የሰበረው ዕቃ አለ» ይል ነበር። አንተ ደግሞ ለምነህ አታውቅም።

ስለ መስኮቱ ስላስረዳኸኝ አመሰግናለሁ። የማላውቀው ነገር ግን ጥቂት ነው። ልጄ የሰጠችኝ ክፍል መስኮቱ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ቢሆንም በየሳምንቱ አጥበዋለሁ፤ እሱ እንዳሳየኝ መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፈስበታለሁ፣ አሸዋው እንዲወርድ። ከዚያ ሳሙናውን በመዳፌ፣ በመጨረሻ ጨርቅ። ልጄ ትስቅብኛለች። «ተራ መስታወት እኮ ነው እማዬ፣ አይበርም» ትለኛለች።

የሃንጋሩ ጨርቅ ዘይትና ብናኝ አለበት ብሎ ለመስኮት የሚሆነውን ጨርቅ ከቤት ይወስድ እንደነበር ታውቃለህ። ልጆቹ ከለበሱት የጥጥ ልብስ ቆርጬ ጫፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ለአንድ መስኮት አንድ ጨርቅ ነው፤ የነካው ጨርቅ ሌላውን አይነካም። ማታ ያመጣቸዋል፣ ለብቻቸው አጥባቸዋለሁ፣ ለብቻቸው አሰጣቸዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ሳሙና ጨርሼ ሌላ ዓይነት የሳሙና ዱቄት ብጨምርባቸው፣ አሽትቶ አወቀብኝና ለሳምንት ያህል አኮረፈኝ። ይህ ሰው ነው ቲነር ነካ የምትለኝ?

ስለ ቦርሳው ጠይቀኸኛል። እኔ ዘንድ ነው።

አንተም አንድ ነገር መልስልኝ። ያን ቀን፣ ግንቦት 6፣ ምሳውን በልቶ ነበር? አብሮት የነበረውስ ማን ነው?

እትዬ


ጥቅምት 29 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፣ ቀልድዎ ገብቶኛል። ደህና ነኝ፣ ደህና ይሁኑልኝ።

ምሳቸውን በልተዋል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ነበር የቋጠሩላቸው፤ እንቁላሉን በካቻቪቴ እጀታ ፈነከቱትና ሳቅን። ሲቀልዱ ነው የዋሉት። አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ሥራዬን ያውቁታል፤ መሣሪያ አቀብላለሁ፣ ክፈፍ እፈታለሁ፣ የወደቀ ብሎን እፈልጋለሁ። ስሜም ከዚያው ነው የወጣልኝ። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዲት ብሎን ከእጄ አምልጣ ወለሉ ውስጥ ገባች፤ ጋሼ ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ አስኝተው አስፈለጉኝ። ሳገኛት «እንግዲህ ዝምድናችሁ ጠንቷል፣ ስምህ ብሎን ይሁን» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፣ እናቴ እንኳ በሌላ ስም መጥራቱን ትታዋለች።

እርስዎ ጨርቆቹን ሲያነሡ እኔ ደግሞ የእጅ ማሽተታቸው ነገር ትዝ አለኝ። ጋሼ ማንንም ሰው ወደ መስኮት ከማስጠጋታቸው በፊት «እጅህን አምጣ» ይላሉ። ያሸቱታል። የቲነር ወይም የነዳጅ ሽታ ካለበት ወደ ቧንቧው ነው። ተመልሶም ያሸቱታል። አንድ ጊዜ አለቃው ራሱ መስታወት ሊነካ ሲል እጁን ለቀም አድርገው ቢያሸቱት ሃንጋሩ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ልጆቹ ሌላ ቀልድ አምጥተዋል፤ ጨርቅ ሲያነሡ «እንደ ጋሼ እንዳታጥበው!» ይባባላሉ። እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ምን ልበላቸው?

መስኮት አሁን ማን ይሠራል ይሉ ይሆናል። ለጊዜው ማንም የለም፣ ከሌላ ቦታ ሰው እያስመጣን ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ግን ፈቃዱ ለኔ እንዲሰጥ ተወስኗል። ፈተናውን አልፌያለሁ። የጋሼን ቦታ መያዝ ለኔ ደስታም ዕዳም ነው። ለዚህ ነው የቦርሳውን ነገር የጠየቅኩት፤ ባለጉዳይ ሆኜ እንጂ ስስታም ሆኜ አይደለም።

ተቃውሞውን ጻፉ ወይ? ከጻፉስ ምን ብለው ነው? በሞቴ አይደብቁኝ።

ልጅዎ ብሎን


ኅዳር 8 ቀን

ብሎኔ፣

እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ራሱ «ከኔ በኋላ እሱ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፣ የሚጎድለው ትዕግሥት ነው» ይል ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ላንተ ስንት ጊዜ እንደተረተልህ ቆጥረኸው ታውቃለህ?

ተቃውሞውን ጽፌዋለሁ። አልላክሁትም። የጻፍኩት ያየሁትን ብቻ ነው፣ አንድ ገጽ አይሞላም። ከሕፃኗ ካልሲዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ አለ።

አንድ ይቅርታ ልጠይቅህ። ከቀብሩ በኋላ ስትመጣ በር ላይ አቁሜህ ግባ አላልኩህም። ዝናቡ እየወረደብህ ነበር፣ በእጅህም የዳቦ ከረጢት ይዘህ ነበር፣ ከረጢቱ ሲቀደድ አይቼዋለሁ። ያን ቀን በልቤ አንድ ነገር ተቀይሜህ ነበር፤ ምን እንደሆነ ለራሴም አልተገለጠልኝም። አሁን ተገልጦልኛል። እንዲያም ሆኖ በር ላይ ማቆሜ ልክ አልነበረም።

ያን ቀን ሲቀልድ ዋለ ብለኸኛል። እኔ ደግሞ ወደ ቤት የመጣውን ሰው ነው ያየሁት። በታክሲ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው በታክሲ መጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ምነው ስለው «ሃንጋሩ ሞቆ ነው» አለኝ። ደረጃውን ሲወጣ እኔን ቀድሞ ይወጣ የነበረ ሰው «አንቺ ቅደሚ» አለኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እኔ ከሥሩ ነው የምፈልገው። ኅዳር 30 ሩቅ አይደለም።

እትዬ


ኅዳር 14 ቀን

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ።

ታክሲውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ያን ቀን አልቀለዱም። ምሳም አልበሉም፣ እንቁላሉን የበላሁት እኔ ነኝ። በካቻቪቴ እጀታ የፈነከቱት ሌላ ቀን ነው።

ረፋዱ ላይ አውሮፕላኗ ውስጥ ተንበርክከው የመጀመሪያውን ክፈፍ ሊፈቱ ሲሉ ደረታቸውን ይዘው ቀሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ደግፌ አወረድኳቸውና መሣሪያ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ አስተኛኋቸው፣ ቦርሳቸውን ትራስ አደረግኩላቸው። ሐኪም ልጥራ ብዬ ስነሣ እጅጌዬን ያዙኝ። «ይህ ሦስተኛዬ ነው፣ ያልፋል» አሉኝ። ከዚያ አስማሉኝ። «ልጃችን ልትወልድ ነው፣ እናቷ በሚቀጥለው ወር ልትሄድላት ሻንጣ አዘጋጅታለች። ይህን ከሰማች እግሯን አታነሣም። ልጇን አርሳ ስትመለስ ራሴ እነግራታለሁ። ማልልኝ» አሉኝ። በእናቴ ማልኩላቸው።

እንግዲህ መሐላዬን አፈረስኩ። እሳቸውም ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴም ይቅር ትበለኝ።

ስለ መስኮቱ አሁን አልጽፍም። 

ብሎን


ኅዳር 20 ቀን

ብሎን፣

አሥራ ሁለት ቀን። አሥራ ሁለት ሌሊት ከጎኔ ተኝቷል። ሲገላበጥ «ፍራሹ ነው የሚቆረቁረኝ» ይለኛል፤ እኔ ሞኟ ፍራሹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩለት፣ ደበደብኩለት። ሆስፒታሉ እኮ አንድ ፌርማታ ነው! በእግርም ይኬዳል!

አንድ ቃል ብትነግረኝ ጎትቼ እወስደው ነበር። እሱ ያስማለህ እንዳልደነግጥ ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም፤ ይህን መለየት አቃተህ? ትልቅ ሰው አይደለህም? «እትዬ፣ ጋሼን ሐኪም ይያቸው» ማለት፣ ምክንያቱን እንኳ ሳትናገር፣ መሐላ ከማፍረስ ይቆጠር ነበር?

ደብዳቤህን ያነበብኩ ቀን ለልጄ ራሴን አሞኛል ብዬ በር ዘግቼ ተኛሁ። አንተን ረገምኩ። እሱንም ረገምኩት፣ የሞተ ሰው። አብሬው ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ሳጥብ ኖሬ አንዲት ሕመም አያካፍለኝም? ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች፣ ተነሣሁ፣ አጠብኳት፣ አበላኋት። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

የተቆጣሁህ በዚህ ነው፣ በደንብ እወቀው። በሌላው አይደለም። ሌላውን ገና አልነገርከኝም። ካንተ እጅ እንዲደርሰኝ እጠብቃለሁ። አሥር ቀን ቀርቶሃል።

እትዬ


ኅዳር 26 ቀን

እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቃሌን ለመርማሪዎቹ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ለእርስዎ ብጽፍ «ተወው፣ የሞተው ሞቷል» ይሉኝ ይሆናል ብዬ ተመኘሁ፤ ምኞቴ ራሱ አስፈራኝና ቀድሜ ወደነሱ ሄድኩ።

መስኮቶቹን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ስድስቱንም። ጋሼ አንዱንም አልነኩም። ጋደም ብለው ሳሉ «ክፈፎቹን ፍታ፣ የውስጦቹን አውጣ። የውጪዎቹን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካብኝ» ብለውኛል። እሺ አልኳቸው። አወጣኋቸው። ሦስተኛው ላይ ስደርስ የውጪው መስታወት ጠርዝ ላይ የድሮ ማጣበቂያ ደርቆ ተጋግሯል። በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ ቢታሽ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጨርቅ ላመጣ ወደ መሣሪያ ክፍል ሄድኩ። ቦርሳው ራሳቸው ሥር ነው፣ እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ላለመቀስቀስ ብዬ ተመለስኩ።

ይህን ለመርማሪው እንዲህ ብዬ ነገርኩት፣ እሱም ጻፈው። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎ። ያልቀሰቀስኳቸው አዝኜላቸው ብቻ አይደለም። ከተነሡ ራሳቸው ይሠሩታል። ለብቻዬ እንደምችል ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ብሎን ስፈልግ ኖሬ አንድ ቀን «ጎበዝ» እንዲሉኝ ነበር የቸኮልኩት። የሃንጋሩን ጨርቅ አነሣሁ፣ ቲነር ነከር አደረግኩት፣ ማጣበቂያው ወዲያው ለቀቀ። መስታወቱ አበራ። ወይ ጉድ፣ እንዴት እንዳበራ! አዲሱን የውስጡን መስታወት ከፊቱ ገጠምኩበትና ሸፈንኩት።

ሲነቁ ጨርሼ ነበር። የውጪዎቹንም ጨምሬ መጨረሴን ስነግራቸው ተቆጡ፣ ግን ጉልበት አልነበራቸውም። «በምን አጠብከው?» አሉኝ። «በሳሙናና በውሃ» አልኳቸው። እትዬ፣ ያን ቀን እጄን አላሸተቱም። ዘጠኝ ዓመት ያሸተቱትን እጅ ያን ቀን ብቻ አመኑት። ታክሲ እስኪመጣ እጄን ይዘውኝ ቆሙ፣ ቧንቧው ሥር ታጥቤው ነበር፣ ቢያሸቱትም ላያውቁ ይችሉ ነበር። እኔ ግን ቢያሸቱት ኖሮ እናገር ነበር እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

«ነገ ከፍቼ አያቸዋለሁ፣ ካርዱ ባዶውን ይደር» ብለው ሄዱ። አመሻሽ ላይ አለቃው መጣ። «ነገ ጠዋት መንገደኛ አላት። ጋሼ ፈረሙ?» አለኝ። «ፈርመዋል፣ ካርዱ ሳጥኔ ውስጥ ነው» አልኩትና ሄጄ ፈረምኩ። ፊርማቸውን አውቀዋለሁ፤ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የኔ ስም በዚያ ካርድ ላይ የትም የለም። በማግስቱ መጥተው አውሮፕላኗን ሲያጡ፣ አለቃው ካርዱን ሳይጠብቅ በራሱ ሥልጣን አስወጣት አልኳቸው። ከአለቃው ጋር የሚጣሉበት አቅም አልነበራቸውም። «ስትመለስ እንከፍታታለን» አሉ። ሳትመለስ አረፉ።

ስጨርስ መርማሪው «ይህን እንድትናገር ማን አስገደደህ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ፈቃዱ ቀርቷል፣ ሳጥኔንም አስረክቤያለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን እቀበላለሁ። ብቻ «እንደ ጋሼ እንዳታጥበው» የሚለውን ቀልድ ያኔ ማስቆም ነበረብኝ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ብሎን


ታኅሣሥ 11 ቀን

ብሎኔ፣

ደብዳቤህ ኅዳር 29 ጠዋት ደረሰኝ። ያን ጠዋት ተቃውሞዬን ልልክ ጫማዬን እያደረግኩ ነበር። አንዱን እግሬን አድርጌ አንዱን ሳላደርግ አልጋው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

አሁን ተራው የኔ ነው። ከመሳቢያዬ ውስጥ የነበረው ይኸው።

ግንቦት 6 ጠዋት ስድስት መስኮት አለብኝ ስላለኝ ስድስት ጨርቅ ቆጥሬ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጥኩለት። በሦስት አጥፌ ጫፉን ወደ ውስጥ እከታለሁ፣ አጣጠፉ የኔ ብቻ ነው፣ እሱ ራሱ መልሶ ማጠፍ አይችልበትም። ማታ እንደወትሮዬ ላጥባቸው ቦርሳውን ከፈትኩ። ስድስቱም እንዳጠፍኳቸው ናቸው። አንዱም አልተዘረጋም፣ ራሱን ካሳረፈበት በኩል ትንሽ ተጨፍልቀዋል እንጂ። «ዛሬ መስኮት አልነበረም እንዴ?» አልኩት። «ነበር» አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንድ ነገር ደብቆኛል፣ አንተም ታውቃለህ ብዬ አሰብኩ። በር ላይ ያቆምኩህ ለዚያ ነው።

መርማሪዎቹ የካርዱን ግልባጭ ሲልኩልኝ ቀኑን አየሁ። ፊርማውንም አየሁ። በደንብ አስመስለኸዋል። ግን ስድስት መስኮት ያጠበ ሰው ስድስት ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ቤቱ አይገባም።

ካወቁ ለምን አልነገሩኝም ትለኝ ይሆናል። እኔ ብናገር ኖሮ የተያዝክ ሰው ትሆን ነበር። ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት ያስተማረው ሰው ተይዞ እንዲወጣ አልፈለግኩም። ባትጽፍልኝ ግን እልከው ነበር፣ አትጠራጠር። ያንተን ኑሮ ብዬ የሱን ስም አልቀብርም።

ለመስኮቱ ይቅር ብዬሃለሁ። ለአሥራ ሁለቱ ቀን ገና ነኝ። አታጣድፈኝ። እስከዚያ ድረስ ያቺን አስተማሪ ሄደህ አግኛት፣ ይህ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

ጨርቆቹን ልኬልሃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነኩም። አንድ ቀን መስኮት የሚያስነካህ ሰው ከተገኘ ትሠራባቸዋለህ። ካልተገኘም አስቀምጣቸው።

እትዬ


የካቲት 3 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፣

ደህና ነዎት? ሕፃኗ ስንት ጥርስ ሆናት?

ስለ ፎቶግራፉ መጠየቅዎ አይቀርም። ተመልሷል። አለቃው ራሱ ነው የሰቀለው፣ ትንሽ ዘመም ስላለበት እኔ በየጠዋቱ አቃናዋለሁ። መዝገቡ በስሜ ተዘግቷል። ሁለት ዓመት ምንም ወረቀት ላይ እንዳልፈርም ተወስኖብኛል። ወለል እጠርጋለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ አለቃው ሊያባርረኝ አስቦ ለምን እንደተወኝ አልጠየቅኩትም። ልጆቹ አሁን «እንደ ብሎን እንዳታጥበው!» ይባባላሉ። ቀልዱ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል፣ የሚገባኝ ነው።

አስተማሪዋ ዘንድ ሄጃለሁ። ደብተር እያረመች ነበር። በራፉ ላይ ቆሜ ማን እንደሆንኩና ያደረግኩትን ነገርኳት። ቃላቴን ጨርሼ አንገቴን ደፍቼ ስቆም፣ ተነሥታ ወንበር ጎተተችና በግራዋ በኩል አስቀመጠችው። «በማይሰማው ጆሮዬ ነበር የምትነግረኝ። እዚህ ተቀመጥና እንደገና ንገረኝ» አለችኝ። እንደገና ነገርኳት። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ከበደኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። ተማሪዎቿ ከቀኝ ሲጠሯት እንደማትሰማ፣ እነሱም «ኮርታብን ነው» እንደሚሉ ነገረችኝ። በየወሩ መጨረሻ እንድመጣ ፈቅዳልኛለች፤ የትምህርት ቤቱን መስኮቶች አጥባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ያቺ አውሮፕላን መጣች። ስድስቱም መስኮቶች፣ የውስጡም የውጪውም፣ እንዲቀየሩ ታዟል። አዲሷ የመስኮት ሠራተኛችን ከሌላ ቦታ የመጣች ሴት ናት፣ ጥርስ የማታሳይ። ውሃ አቀብል ብላ ጠራችኝ። ስትጀምር የሃንጋሩን ጨርቅ ልታነሣ ስትል «አይሆንም» አልኳት። ክው ብላ አየችኝ። ሄጄ የእርስዎን ጨርቆች አመጣሁ፣ ለአንድ መስኮት አንድ እንደሆነም ነገርኳት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ወደ ፎቶግራፉ ጠቆምኩላት።

ከዚያ እጄን ዘረጋሁላት። «ምንድን ነው?» አለች። «ያሽትቱት» አልኩ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ ያየናል። የሳቀ ግን አልነበረም። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፣ ቀኙንም ግራውንም። «ና ግባ» አለችኝ።

አጣጠፍዎን አንድ በአንድ ፈታሁ፣ እትዬ፤ ያን ካርድ በፈረምኩበት በዚያው እጄ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ መዳፍ፣ ጨርቅ። ሦስተኛው ላይ፣ ክፈፉ ላይ የደረቀውን ማጣበቂያ በሳሙና እያሸሁ፣ ግማሽ ቀን ቆየሁ፣ ማንም አላጣደፈኝም። ካርዱ ላይ የፈረመችው እሷ ናት። እኔ አልፈረምኩም።

ጨርቆቹን እዚሁ ላጥባቸው ውሃ ቀድቼ ነበር። አልሆነልኝም። እንዳሉ ጠቅልዬ በዚህ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ይክፈቷቸውና ይቁጠሯቸው። ስድስቱም ቆሽሸዋል።

ልጅዎ ብሎን